ለአስተርጓሚነት የሚሆነውን ተማሪ በምን ልለይ?

ጥያቄ፦ በሐሙሲት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሁለት ጎበዝ ተማሪዎቼ አስተርጓሚ መሆን ይፈልጋሉ። ተሰጥኦው እንዳላቸው በምን ልወቅ?

መልስ፦ መምህር፣ የእንግሊዝኛ ውጤታቸውን ለጊዜው ይተዉት። ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ንግግር፣ ለምሳሌ ስለ ፎገራ ሩዝ፣ በእንግሊዝኛ ያሰሟቸው፤ ማስታወሻ ሳይዙ ወዲያው በአማርኛ ይናገሩት። በአስተርጓሚ ማሠልጠኛዎች የመግቢያ ፈተናም እንዲህ ያለው መልመጃ የተለመደ ነው። የሚመዝኑት የቃላቱን ብዛት ሳይሆን የሐሳቡን ፍሰት ነው፤ ምክንያትና ውጤቱ፣ «ግን» እና «ካልሆነ» የሚሉት ማያያዣዎች በቦታቸው አሉ? አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠው ደንግጦ የሚቆም ተማሪ በልምምድ ይሻሻላል። የጎደለውን ከራሱ ፈጥሮ የሚሞላው ግን በእጅጉ ያሳስበኛል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ እዚያ ችሎት ላይ አንዲት የተፈጠረች ቃል ሰው ታሳስራለች።

አማርኛቸውንም አጥብቀው ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው። ፈተናውን በሌላ ቀን፣ በሌላ ርዕስ ይድገሙት እንጂ በአንድ ቀን ውጤት ልጆቹን ተስፋ አያስቆርጧቸው።