ከሙን በነቢያትና በወንጌል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በገሠጸበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ቍጥር 23 ላይ ከሦስት የጓሮ ተክሎች አሥራት ያወጡ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ከሦስቱ አንዱ ከሙን ነው። ይህ ቃል በተነበበ ቍጥር «እንግዲያው ጥቃቅኑ ሥርዓት ምን ያደርግልናል? ቅን ልብ ብቻ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥቃቅኑን ሥርዓት አጥብቀው ይዘው ወንድማቸውን ይመቱበታል። የሁለቱንም ነገር ለመመዘን ይህች ትንሽ ፍሬ በጥንት አይሁድ ዘንድ ምን እንደ ነበረች መመርመር ይገባል።

ከሙን ከድንብላልና ከእንስላል ጋር ከአንድ ወገን የሚቈጠር፥ በአንድ ዓመት በቅሎና አፍርቶ የሚደርቅ አጭር ተክል ነው። ስሙ እጅግ ጥንታዊ ነው። አካዳውያን «ከሙኑ»፥ ዕብራውያን «ከሞን» ብለውታል፤ ግሪኮችም «ኪሚኖን» አሉት። እኛም ዛሬ በማድ ቤታችን የምንጠራው በዚሁ በጥንቱ ስም ነው። ጥቁር አዝሙድ ግን በዕብራይስጥ «ቄጻሕ» የሚባል፥ ከከሙን የተለየ ተክል ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ የምናገኛቸው በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28 ከቍጥር 23 እስከ 29 ነው። ነቢዩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሲሆን፥ ወገኖቹን ስለሚመጣባቸው ተግሣጽ ሲያስተምር ምሳሌውን ከገበሬ ወሰደ። ገበሬ ዓመቱን ሙሉ አያርስም፤ መሬቱን ካለሰለሰ በኋላ ጥቁሩን አዝሙድና ከሙኑን ይዘራል፥ ስንዴውንና ገብሱንም በየስፍራው ያኖራል። በመከር ጊዜም ሁሉን በአንድ መሣሪያ አይወቃም። በዚያ ሀገር እህል የሚወቃው ከሥሩ ስለት ባለው ማሄጃ ወይም በሠረገላ መንኰራኵር ነበረ። ጥቁሩ አዝሙድ ግን በበትር፥ ከሙኑም በዘንግ ይመታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍሬው በቀላሉ ይረግፋል፥ መንኰራኵር ቢሄድበት ይደቅቃል። ነቢዩ ይህን ማስተዋል ለገበሬው ያስተማረው እግዚአብሔር ነው ይላል። እግዚአብሔርም ሲገሥጽ እንዲሁ በልክ ነው፤ የሚመታው ፍሬውን ከገለባው ለመለየት እንጂ ፍሬውን ለማጥፋት አይደለም።

ስለ አሥራቱ ስንመረምር፥ በኦሪት ዘዳግም 14፥23 በስም የተጠሩት እህል፥ ወይንና ዘይት ናቸው። የአይሁድ መምህራን ግን ትእዛዙን ለመጠበቅ ሲሉ ከምድር የሚበቅለውን፥ የሚጠበቀውንና የሚበላውን ሁሉ አሥራት ይውጣበት አሉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የተባለው መጽሐፋቸው፥ አሥራቱ መውጣቱ ካጠራጠረ በየትም ስፍራ አሥራት ከሚወጣባቸው ነገሮች መካከል ቴምርንና ሩዝን ከከሙን ጋር ይቈጥራል። ስለ ጥቁር አዝሙድ አሥራትም የሻማይና የሂሌል ተማሪዎች እንደ ተከራከሩ ይናገራል።

ነገር ግን ያው መጽሐፍ ስለ ከሙን ሌላም ይነግረናል። ሕፃን በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ በቍስሉ ላይ የተፈጨ ከሙን ይደረግለት ነበር። ቀኑ ሰንበት ቢሆንና ከሙኑ በዋዜማው ሳይፈጭ ቢቀር፥ መፍጨት በሰንበት የተከለከለ ሥራ ነውና፥ በጥርስ አኝኮ በቍስሉ ላይ ማድረግ ተፈቅዷል። እንግዲህ ሰንበቱም ተከበረ፥ ሕፃኑም ያለ መድኃኒት አልቀረም። አሥራቱ በጥንቃቄ የሚቈጠርበት ያው ፍሬ የሕፃን ሕመም ማስታገሻም ነበረ።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን አሥራቱን ተዉ አላለም። የገሠጸው ፍርድን፥ ምሕረትንና ታማኝነትን መተዋቸውን ነው፤ እነዚህን ማድረግ፥ እነዚያንም አለመተው እንደሚገባ ተናገረ። ቅዱስ ሉቃስም በምዕራፍ 11 ቍጥር 42 ጤና አዳምን ጠቅሶ ይህንኑ ይመሰክራል። ስለዚህ ጥቃቅኑን የሚንቅ ሰው ከዚህ ምዕራፍ ድጋፍ አያገኝም፤ ጥቃቅኑን ይዞ ምሕረትን የሚጥልም ከወቀሳው አያመልጥም።

ይህ ነገር በስደት ላለነው ሩቅ አይደለም። በባዕድ ሀገር የተወለደ አንድ ወጣት ነጠላውን አጣፍቶ መልበስ ባለማወቁ በሰው ፊት ሲዘለፍ አይተናል። ዘላፊው ስለ ሥርዓቱ የተናገረው እውነት ነበረ፤ አነጋገሩ ግን መንኰራኵር ነበረ። ወጣቱ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። እኛም ቆመን ያየን ሰዎች ያን ዕለት ዝም አልን፥ በኋላም ቤቱ ሄደን አልጠየቅነውም። ነጠላው ከሙን ነው፥ አይናቅም፤ ልጁን ፈልጎ መመለስ ደግሞ ምሕረቱ ነው፥ አይተውም። የምናስተምርና የምንገሥጽ ሁሉ አስቀድመን በፊታችን ያለው ስንዴ ይሁን ከሙን እንወቅ። ለከሙን ዘንግ ይበቃዋል።

ገበሬውን ያስተማረ አምላክ ለእኛም ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።