ከፀጉር ቤት እስከ ፀጉር ቤት፦ የፀጉር አያያዝ ሳይንስ በቤት ውስጥ

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ልዑካን አስረከበ። ፀጉሩ ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የተወሰደ በመሆኑ 150 ዓመት ያህል ቆይቷል። በሌላ በኩል ለጥምቀት በዓል ፀጉር ቤት ገብታ የተዋበች ወጣት፣ ፋሲካ ሳይደርስ ፀጉሯ ከመሃሉ እየተሰበረ በማበጠሪያዋ ላይ ሲቀር እናያለን። ከተቆረጠ በኋላ ይህን ያህል ዘመን የሚቆይ ነገር፣ በራሳችን ላይ ሳለ በሦስት ወር ውስጥ የሚበጣጠሰው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ በድብ ባሕር የምትኖር ወጣት ደባርቅ ለመድረስ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ መውጣት አለባት፤ ጎንደር ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ስለዚህ ፀጉሯ በባለሙያ እጅ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ በራሷ እጅ የሚቆየው ግን ለወራት ነው።

የፀጉር ተፈጥሮ

ፀጉር የሚበቅለው በራስ ቆዳ ውስጥ ከተቀበረ ትንሽ ከረጢት ነው። ሕይወት ያላቸው ሴሎች የሚገኙት በዚህ ከረጢት ግርጌ ብቻ ነው። ከቆዳው በላይ የምናየው ዘንግ ሕይወት የለውም፤ በመሆኑም ሲቆረጥ አያምም፣ ሲጎዳም እንደ ቁስል አይሽርም። እንግዲህ የፀጉር እንክብካቤ ማለት ማዳን ሳይሆን ከጉዳት መጠበቅ ነው።

ዘንጉ የተሠራው ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶች በተለይ በሁለት ዓይነት ትስስር ይያያዛሉ። የመጀመሪያው የሃይድሮጂን ትስስር ሲሆን ውሃ ሲነካው ይላላል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይጠብቃል። በቢጉዲን ተጠቅልሎ በካስክ የደረቀ ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ዳይሰልፋይድ የተባለው የሰልፈር ትስስር ነው። ይህ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አይፈታውም።

ዘንጉን ከውጭ የሚሸፍኑት እንደ ጎጆ ክዳን የተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው። ከቆዳ የሚመነጨው ቅባት ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ በቀላሉ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን ጥምዝምዙ ያግደዋል። ስለዚህ የከርዳዳ ፀጉር ጫፍ ቶሎ ይደርቃል፣ በየመታጠፊያውም ለመሰበር የተጋለጠ ነው።

በፀጉር ቤት የሚካሄደው ኬሚስትሪ

የፀጉር ማለስለሻ ቅባቶች ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ተመሳሳይ አልካሊ ይይዛሉ፤ ፒኤቻቸው ከ12 በላይ ነው። የቆዳችን ገጽታ ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው። በፒኤች ሚዛን አንድ እርከን የ10 እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ በ5.5 እና በ12.5 መካከል ያለው ልዩነት 10 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል። ይህ ኃይል የሰልፈርን ትስስር ለዘለቄታው ያፈርሳል፤ ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይቀንሳል።

ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ከሁለት ወር በኋላ ከሥር 2 ሴንቲ ሜትር የተፈጥሮ ከርዳዳ ፀጉር፣ ከላዩ ደግሞ የለሰለሰው ይኖራል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ደካማ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው ከመሃል መሰበር የሚደርሰውም በአብዛኛው በዚሁ ቦታ ነው። መድኃኒቱ በድጋሚ ሲቀባ አዲሱን ብቻ እንጂ ቀድሞ የለሰለሰውን መንካት የለበትም።

ካውያም የራሱ አደጋ አለው። በደባርቅ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ የጋለ ካውያ ግን እስከ 200 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እርጥብ ፀጉር በካውያ ሲተኮስ በዘንጉ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ አረፋ ይፈጥራል፣ ዘንጉም ከውስጥ ይቦረቦራል።

ቅቤ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

እናቶቻችን ፀጉርን በለጋ ቅቤ መቀባታቸው ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ቅቤ 80 በመቶ ያህል ስብ ነው። ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በራስ ሙቀት ላይ ይሰራጫል፤ ዘንጉን ሸፍኖ ፍትጊያን ይቀንሳል፣ እርጥበትም ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ይሁን እንጂ ስብ ውሃን አይተካም። በደረቀ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን እንዳለ ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅባት መሆን አለበት።

ቅቤው ብዙ ቀን ሲቆይ ስቡ ተበታትኖ ቢዩቲሪክ አሲድ ይለቀቃል፤ የሚሰነፍጠው ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በተጨማሪም ከፎረፎር ጋር የተያያዘው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ፎረፎር ያለበት ሰው በራሱ ቆዳ ላይ ቅቤ ሲያበዛ ፈንገሱን ይቀልባል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅቤውን በጫፍ ላይ ብቻ ቢቀባ ይመረጣል።

የቤት ውስጥ አያያዝ

1. በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ። የልብስ ሳሙና አልካላይን ስለሆነ ቅርፊቶቹን ያስነሣል፤ ካልሲየም በበዛበት ውሃም ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። የተጣራ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ይሻላል። በሳሙና ከመታጠብ ሌላ አማራጭ ከጠፋ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ማለቅለቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ማጥራት ይጠቅማል። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ ግን አይደረግም፤ ዓይንም መጠበቅ አለበት።
2. ፀጉሩ ገና እርጥበት እንዳለው በጣም ጥቂት ለጋ ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት ከመሃል እስከ ጫፍ መቀባት።
3. ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየወጡ ማበጠር። ከሥር ወደ ጫፍ መጎተት ቋጠሮውን ያጠብቀዋል።
4. ሹሩባን አላልቶ መሠራት፣ ከአንድ ወርም በላይ አለማቆየት።
5. ሲተኙ ፀጉርን በሐር ወይም በሳቲን ሻሽ መሸፈን፤ ከጥጥ ያነሰ ፍትጊያ አለውና።

ሹሩባ ሲፈታ የሚወጣው ፀጉር ብዙዎችን ያስደነግጣል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፍ ተፈጥሯዊ ነው። በሹሩባ ውስጥ ለ14 ቀን የተጠራቀመው ከ700 እስከ 1,400 ይደርሳል ማለት ነው። በተፈጥሮ የረገፈ ፀጉር በአንዱ ጫፉ ነጭ ጉብታ አለው፤ ጉብታ የሌለው አጭር ቁራጭ ግን የተሰበረ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያም ብጉር ካወጣ ሳይውል ሳያድር መፈታት አለበት። በመጎተት የሚመጣ መመለጥ በመጀመሪያው ደረጃ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቱ ጠባሳ ይሆናል፣ ፀጉርም ዳግመኛ አይበቅልበትም። “ሲጠብቅ ያምራል” የሚለው አባባል ዋጋው ይህ ነው።

ቆረቆር በሕፃናት ላይ የሚበዛ የፈንገስ በሽታ ሲሆን በጋራ ሚዶ፣ ሻሽና መላጫ ይተላለፋል። ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ዘንግና ከረጢት ስለሚገባ የሚቀባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ከወባ ወይም ከሌላ ብርቱ ትኩሳት ሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚታይ መርገፍ ግን በአብዛኛው በራሱ ይቆማል። የብረት ማዕድንና የፕሮቲን እጥረትም ፀጉርን ያሳሳል። በጾም ወራት ምስርና ሽሮ ከማዕድ ባይጠፉ፣ ሻይም ከምግብ ጋር ሳይሆን ዘግየት ብሎ ቢጠጣ መልካም ነው።

በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ግልጽ ነው። ኬራቲን በባሕርዩ ጽኑ ነው። የሚያፈርሱት አልካሊ፣ እሳት፣ ፍትጊያና ጉተታ ናቸው፤ አራቱም በእጃችን ያሉ ናቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በካስክ የደረቀ ፀጉር በዝናብ ቅርጹን ሲለቅ፣ በማለስለሻ የተለወጠው ግን የማይመለሰው ለምንድን ነው?
2. በሁለት ብርጭቆዎች የዝናብና የምንጭ ውሃ እኩል ቀድታችሁ፣ እኩል የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምራችሁ በጥብጡ። የቱ ይበልጥ አረፋ አወጣ? ምክንያቱንስ ግለጹ።
3. ከማበጠሪያችሁ 20 ፀጉር ወስዳችሁ ጫፋቸውን መርምሩ። ስንቱ የረገፈ፣ ስንቱ የተሰበረ ነው? ከአያያዛችሁስ ምን መለወጥ ይኖርባችኋል?