በታዘዘው መሠረት በልብስ ላይ ሥዕልና ጽሕፈት ስለ ማተም

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በቤኒሻንጉል ጉምዝ ክልል፥ በመተከል ዞን፥ በጉባ ወረዳ፥ በዐባይ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በነዚህ ዓመታት ስለ ግድቡ ሰልፍ በተደረገና በዓል በተከበረ ጊዜ የግድቡ ሥዕልና ስም የታተመበትን ካናቴራ ለብሶ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር። እንዲህ ያለውን ልብስ ማተም በአንዲት ክፍል ውስጥ በጥቂት መሣሪያ ሊሠራ የሚችል የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩት ዘንድ፥ ሽማግሌዎችም በአታሚና በደንበኛ መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ነገሩን አውቀው ይፈርዱ ዘንድ፥ አሠራሩ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

የሥራው ሥር ጥንታዊ ነው። በቻይናና በጃፓን የሚኖሩ ሰዎች ወረቀትን በስለት እየበሱ በቀዳዳው ቀለም በማሳለፍ ጨርቅ ያስጌጡ ነበር። ጃፓኖች የተቀደደው ወረቀት እንዳይበታተን በቀጭን የሐር ክር ያያይዙት ጀመር። ኋላም በ1907 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሳሙኤል ሳይመን የተባለ የማንቸስተር ሰው በክፈፍ ላይ በተወጠረ ሐር የማተምን ዘዴ በእንግሊዝ አገር በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በሐሩ ፈንታ ከናይሎን ወይም ከፖሊስተር ክር የተሠራ ወንፊት ይወጠራል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ ቀለሙ በወንፊቱ ክፍት ስፍራ ያልፋል፥ በተደፈነው ስፍራ ይቀራል።

በዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ቀለሙ ሲቀባ አይደለም፤ ትእዛዙ ሲሰማ ነው። ለምሳሌ ያህል በአሶሳ አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለመጋቢት 24 በዓል የግድቡ ሥዕልና ስም ያለባቸው 200 ሰማያዊ ካናቴራዎች ያዘዘ እንደ ሆነ፥ አታሚው «እሺ» ብሎ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ነገር መጠየቅ አለበት። ልብሱን የሚገዛው ማን ነው፤ ከጥጥ ነው ወይስ ከፖሊስተር፤ ከሁለት መቶው ስንቱ ለሕፃን፥ ስንቱ ለጐልማሳ ነው፤ ሥዕሉ በደረት ነው ወይስ በጀርባ፤ ስንት ቀለም አለው፤ በየትኛው ቀን ይረከባሉ። መልሱ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። በቃል የተነገረ ትእዛዝ በማስረከቢያው ቀን ሁለት ትእዛዝ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ በደንበኛው፥ ሁለተኛው በአታሚው ራስ ውስጥ ነው።

ስሙ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ግድቡ በመጀመሪያ «ሚሌኒየም ግድብ» ተብሎ ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ዛሬ የሚጠራበት ስም ተሰጠው። በነዚያ ጥቂት ቀኖች መካከል የታተመ ልብስ ካለ፥ ሳይለበስ ስሙ አርጅቶበታል። ደግሞም «ህዳሴ» እና «ሕዳሴ» እየተባለ በሁለት ዐይነት ይጻፋል። ቃሉ «ሐደሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለ ሆነ የሊቃውንቱ አጻጻፍ በሐመሩ ሐ ነው፤ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ግን በሃሌታው ሀም ይጽፉታል። መምህራን በዚህ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ልብሱ ከታተመ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ይሁን። ደንበኛው በመረጠው ፊደል ይጻፍና ይፈርምበት። በበርታ፥ በጉሙዝ ወይም በሺናሻ ቋንቋ የሚታተም ቃል ካለ፥ እነዚህ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስለ ሆኑ፥ ቋንቋውን የሚያስተምረው መምህር ራሱ ጽፎ ይስጥ። አታሚው በጆሮው ሰምቶ የጻፈው አይታመንም።

ሥዕሉን በተመለከተ ግድቡ ለሠዓሊ አስቸጋሪ ነው። ርዝመቱ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከርዝመቱ ከዐሥር አንድ እጅ የማይበልጥ ነው። በደረት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢሰጠው በእውነተኛው ልክ ከፍታው 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሩቅ የሚያየውም ሰው መቀነት ይመስለዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ከአንድ ወገን ቆሞ እንደሚመለከት አድርጎ፥ ቅርቡን ትልቅ፥ ሩቁን ትንሽ አድርጎ ቢሥለው ይሻላል። ሰንደቅ ዓላማ የሚጨመርበት እንደ ሆነ አስቀድሞ አዋጅ ቁጥር 654/2001ን ማንበብ ይገባል፤ የሰንደቅ ዓላማው አቀማመጥና ዓርማው በሕግ የተወሰነ ነውና።

ሰው የሚሣል ከሆነም ሽማግሌዎች ወረቀቱን ቢያዩት መልካም ነው። በክልሉ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ፥ ደግሞም አማራ፥ ኦሮሞና አገው በአንድነት ይኖራሉ። በመተከል በ2013 ዓ.ም. ሰዎች በነገዳቸው እየተለዩ ተገድለዋል፤ ከዘመዶቻቸው ልጆች ዛሬ በአንድ ወንበር ላይ የሚማሩ አሉ። የአንዱ ወገን አለባበስ ብቻ በተሣለበት ልብስ የሁሉም ልጆች እንዲሰለፉ ማድረግ ለአታሚው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለለባሹ ግን ትንሽ አይደለም። ወረቀት መለወጥ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ 200 ካናቴራ መለወጥ አይቻልም።

የቀለሙ ቍጥር የሥራውን ክብደት ይወስናል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ክፈፍ ያስፈልጋልና። ከመቶ አምስት ያህል ስለሚበላሽ ለሁለት መቶው ትእዛዝ 210 ልብስ ይዘጋጃል። ሥዕሉ በነጭ ብቻ ቢሆን ቀለሙ 210 ጊዜ ይጐተታል፤ ነጭ፥ አረንጓዴ፥ ብጫና ቀይ ቢሆን ግን 840 ጊዜ ይጐተታል፤ አራቱም በአንድ ስፍራ እንዲገጥሙ በየክፈፉ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ብጫ ቀለም ያለ ነጭ መደብ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ነጩ ከሥር መግባቱ ግድ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ትምህርት ቤት በአንድ ቀለም በደንብ የተሣለ ሥዕል በአራት ቀለም ከተዛነፈ ሥዕል ይበልጣል።

ወንፊቱ ለጨርቅ ሥራ በአንድ ሳንቲ ሜትር 43 ያህል ክር ያለው ቢሆን ይበቃል፤ ረቂቅ መስመር ላለው ሥዕል 77 ክር ያለው ይመረጣል። በአማርኛ ፊደል ይህ ነገር ከባድ ነው፤ አንዱ ፊደል ከሌላው የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነውና። የ«ሴ» ቀለበት ብትጠፋ «ሰ» ይሆናል፤ በአደባባይም «ሕዳሰ» የሚል ልብስ ይታያል። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅና ወፍራም ይሁን።

በክፈፉ ላይ የተወጠረው ወንፊት ከቅባት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፥ ኢሙልሽን የሚሉት ፈሳሽ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል በሁለት ወገን በስሱ ይቀባል። ይህ ፈሳሽ ብርሃን ሲነካው ይጠነክራል፤ ብርሃን ያልነካው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ሲደርቅ፥ ሥዕሉ በጥቁር ቀለም የተሣለበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይለጠፍበትና መስተዋት ተጭኖበት ለብርሃን ይሰጣል። ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚከለክል ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ በውሃ ሲታጠብም ሥዕሉ ክፍት ሆኖ ይወጣል። መብራት በሌለበት ስፍራ ፀሐይ ይበቃል፤ ነገር ግን የአሶሳ ፀሐይ በጥርና በሐምሌ አንድ አይደለም። አታሚው በትንሽ ቁራጭ ላይ ደቂቃውን እየለዋወጠ ሳይሞክር በትልቁ ክፈፍ መጀመር የለበትም። በክረምትም አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ ኢሙልሽኑ የደረቀ መስሎ ሳይደርቅ ይቀራል፤ እንዲህ የሆነው በሚታጠብበት ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ተጠራርጎ ይወርዳል። ከፈሳሾቹ አንዳንዶቹ፥ በተለይ ቢክሮሜት ያለበት የዱሮው ዐይነት፥ መርዝ ስለ ሆኑ ልጆች በባዶ እጃቸው እንዳይነኩት መምህሩ ይጠብቅ፤ እጣቢውም ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ አይፈስስ።

ለማተም ልብሱ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፤ ክፈፉ ከልብሱ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቀለሙ በአንድ ዳር ይፈስስና ጠርዙ ቀጥ ባለ የጎማ መጥረጊያ ወዲያውም ሳይዘገይ በእኩል ግፊት ይጐተታል። መጥረጊያው ባለፈበት ስፍራ ወንፊቱ ወዲያው ከጨርቁ ይላቀቃል፤ ካልተላቀቀ ቀለሙ ይደፈርሳል። በበጋ ሙቀት በውሃ የሚሟሟው ቀለም በወንፊቱ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚደርቅ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ቡና መጠጣት ቢፈልግ ክፈፉን አጥቦ ይሂድ።

የደረቀ ቀለም ሁሉ የጸና ቀለም አይደለም። በውሃ የሚሟሟው የጨርቅ ቀለም በእሳት ሙቀት ካልተጠናከረ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል። የካውያ ሙቀት በንጹሕ ጨርቅ ላይ ለአንድ ልብስ አራት ደቂቃ ያህል ቢሰጥ 210ሩ 840 ደቂቃ፥ ማለት 14 ሰዓት ይፈጃል። «ነገ ጧት አደርሳለሁ» የሚል አታሚ ይህን ያልቈጠረ ነው፤ ወይም ቈጥሮ የሚተወው ነው። ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ለ10,000 ሯጮች ካናቴራ ማስፈለጉን ያሰበ ሰው፥ ያን ያህል ትእዛዝ በካውያ እንደማይወጣ፥ ልብሱ እየተጓዘ የሚያልፍበት የጋለ ምድጃ እንደሚያስፈልገው ያስተውላል።

ስለዚህ ሁለት መቶው ከመታተሙ በፊት አንድ ካናቴራ ብቻ ታትሞ፥ ተጠናክሮ፥ በሳሙና ታጥቦ ለደንበኛው ይታይ። ደንበኛው ቢቀበለው በዚያው ልብስ ላይ ይፈርምበትና በአታሚው ዘንድ ይቀመጥ። ጠብ የመጣ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች የሚያስተያዩት ከዚህ ናሙና ጋር ነው፤ ከናሙናው የሚመሳሰል ከሆነ ደንበኛው ይከፍላል፥ የማይመሳሰል ከሆነ አታሚው በራሱ ኪሳራ ደግሞ ያትማል።

ስለ ቀብድም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ይላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ አታሚዎች ቀብድ የሚሉት ግን ለጨርቅና ለቀለም መግዣ የሚሆነውን የዋጋውን እኩሌታ ነው። ያ ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ካልተጻፈ፥ በበዓሉ ማግስት ትምህርት ቤቱና አታሚው በሽማግሌ ፊት ይቆማሉ። አንዲት መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ክፈፉ ወዲያው ይታጠብ፤ ትምህርት ቤቱ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ሥዕል የሚያዝዝ ከሆነ ኢሙልሽኑ ሳይፋቅ፥ ዓመተ ምሕረቱ ግን በሌላ ትንሽ ክፈፍ ተለይቶ ይቀመጥ።