የዓመት ዕረፍት ፈቃድን በተመን ሉህ ቀመር መከታተል፦ የዘመን አቆጣጠር፣ የሥራ ቀንና የሕግ ንባብ ጥያቄዎች

1. መግቢያ

በአገራችን በርካታ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ፈቃድ የሚከታተሉት በተመን ሉህ ነው። በተለመደው አሠራር ሉሁ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «ቀሪ ቀናት» የሚል አንድ ዓምድ ይይዛል፤ ፈቃድ በተወሰደ ቁጥር የሰው ኃይል ባለሙያው ከቀድሞው ቁጥር ላይ ቀንሶ አዲሱን ይጽፋል። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም የተጻፈው ቁጥር ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ማስረጃ አይተውም። የሥራ ውል ሲቋረጥ ሠራተኛው ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብለታል። በዚያን ጊዜ ክርክር ቢነሣ፣ አሠሪውም ሆነ ሠራተኛው የሚያመሳክሩት ስሌት አያገኙም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ ቀሪ ቀን በእጅ የሚጻፍ ሳይሆን ከቀናት መዝገብና ከሕጉ ደንብ በቀመር የሚገኝ ውጤት መሆን አለበት የሚል ነው። ለዚህም መሠረት የሚሆነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አልተካተቱም።

2. የሉሁ አደረጃጀት

ለክትትሉ ሦስት ሰንጠረዦች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የሠራተኛውን መለያና የቅጥር ዓመት፣ ወርና ቀን በተለያዩ ዓምዶች ይይዛል። ሁለተኛው የፈቃድ መዝገብ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፈቃድ አንድ ረድፍ ተሰጥቶት የሠራተኛው መለያ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የመነሻውና የመጨረሻው ቀን ይመዘገብበታል። ሦስተኛው የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ነው። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ቀሪ ቀንን ጨምሮ፣ በቀመር የሚገኝ ስለሆነ በእጅ አይነካም።

3. የዘመን አቆጣጠር

በኤክሴልም ሆነ በጉግል ሺትስ የሚገኙት የተለመዱ የቀን ተግባሮች የሚሠሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የቅጥር ደብዳቤዎቻችን ግን በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱ የስሌት ውጤት ሊለውጥ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ያሳያል። መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቀጠረ ሠራተኛ መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ ዓመት ይሞላዋል። የመጀመሪያው ቀን በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019፣ ሁለተኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመንን በጎርጎርዮስ የሚቆጥረው «ዴትዲፍ» የተባለው ተግባር በዚያ ዕለት የሚመልሰው ዜሮ ዓመት ነው።

መፍትሔው የአገልግሎት ዓመትን ከኢትዮጵያ ቀን በቀጥታ ማስላት ነው። እያንዳንዱ ቀን በሚከተለው መንገድ ወደ አንድ ቁጥር ይለወጣል፦

ዓመት × 10000 + ወር × 100 + ቀን

ከዚያም የስሌቱ ዕለት ቁጥር ከቅጥሩ ዕለት ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ለ10000 ተካፍሎ፣ «ኢንት» በተባለው ተግባር ወደ ታች ወዳለው ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. የተቀጠረ ሠራተኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው አገልግሎት 20170101 − 20080212 = 89889፣ ማለትም 8 ሙሉ ዓመት ይሆናል።

በሁለት ቀናት መካከል ያሉትን የሥራ ቀናት ለመቁጠር ግን የሉሁን ተግባሮች መጠቀም ስለሚያስፈልግ፣ የኢትዮጵያው ቀን ሉሁ ወደሚያውቀው ተከታታይ ቁጥር መለወጥ አለበት። ቀመሩ ይህ ነው፦

365 × ዓመት + ኢንት (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን − 691194

ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ትገባለች፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜን በኢንት ክፍል ውስጥ ስለታሰበች ተጨማሪ ማስተካከያ አያስፈልግም። ለመፈተሽ ያህል፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 39337 ይሰጣል፤ ይህም የሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ተከታታይ ቁጥር ነው።

4. የዓመት ድርሻ

አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይሰጣል። «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ያለውን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ ተገቢው ቀመር 16 + ኢንት ((አገልግሎት − 1) ÷ 2) ነው። አንድን ሳይቀንሱ አገልግሎቱን በቀጥታ ለሁለት ማካፈል ግን ጭማሪውን በሁለተኛው ዓመት ያስጀምራል። ከላይ ለተጠቀሰው የ8 ዓመት ባለአገልግሎት ትክክለኛው ቀመር 19 ቀን ሲሰጥ፣ ሌላው 20 ቀን ይሰጣል። እንዲህ ያለው ስሕተት ተጽፎ ካልተገለጠ ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል።

5. የሥራ ቀን

«ኔትወርክዴይስ» የተባለው ተግባር ቅዳሜንና እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ይወስዳል። ቅዳሜን ግማሽ ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ አይስማማም። የዕረፍት ቀናትን ለመምረጥ የሚያስችለውን «ኔትወርክዴይስ ኢንትል» የተባለውን ተግባር ሁለት ጊዜ መጠቀም ይቻላል፦ አንዴ እሑድን ብቻ፣ አንዴ ቅዳሜንና እሑድን በማስቀረት። የሁለቱ ውጤት አማካይ ቅዳሜን ግማሽ ቀን አድርጎ የቆጠረ ይሆናል።

ለምሳሌ ከሰኞ ታኅሣሥ 28 እስከ ቅዳሜ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው ፈቃድ የልደት በዓል ከተቀነሰ በኋላ፣ ቅዳሜ ጭራሽ ካልተቆጠረ 9፣ በግማሽ ከተቆጠረ 10፣ በሙሉ ከተቆጠረ 11 የሥራ ቀን ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የኅብረት ስምምነቱ ወይም የድርጅቱ የሥራ ደንብ እንጂ ሉሁን ያዘጋጀው ሰው ምርጫ መሆን የለበትም። በመሆኑም የተመረጠው ንባብ በሉሁ ላይ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

የበዓላት ሰንጠረዥም ጥንቃቄ ይሻል። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሁልጊዜ የካቲት 23 ይውላል። ልደት ግን ታኅሣሥ 29 ሆኖ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል፣ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ስለዚህ በጎርጎርዮስ ልደት ጃንዋሪ 7 ላይ ሲጸና፣ ጥምቀት ከ19 ወደ 20 ይዛወራል። ያለፈውን ዓመት ዝርዝር መገልበጥ ስሕተት የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሣኤና የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ተለይተው ይመዘገባሉ፤ የኢድ በዓላት ዕለት በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን፣ ዕለቱ ሲታወቅ ሰንጠረዡ ታርሞ ሉሁ ራሱን እንደገና ያሰላል።

የወሊድ ፈቃድ ከዚህ ይለያል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ስለሆነ በዓላትና እሑዶች አይቀነሱም፤ የድኅረ ወሊዱ የመጨረሻ ቀን መነሻው ሲደመር 89 ነው። ለዚህ የሥራ ቀን ተግባር መጠቀም በሳምንት አምስት ቀን ስሌት ፈቃዱን ወደ 126 ቀናት ያራዝመዋል።

6. የተላለፈ ፈቃድ

አዋጁ የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ ፈቃድ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል፤ መተላለፉ ግን ከሁለት ዓመት መብለጥ የለበትም። ገደቡን ለመከታተል የየዓመቱ ድርሻ በራሱ ረድፍ ይያዝና የተወሰደው ቀን ከቆየው ድርሻ ይጀምራል። 17፣ 18 እና 18 ቀን ተከታታይ ድርሻዎች ያሉትና 24 ቀን የወሰደ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጨርሷል፤ ከሁለተኛው 11፣ ከሦስተኛው 18፣ በድምሩ 29 ቀን ይቀረዋል።

ሁለት ዓመት ያለፈውን ድርሻ ቀመሩ በራሱ ወደ ዜሮ እንዲያወርደው የማድረግ ፈተና እዚህ ላይ ይነሣል። ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። ፈቃዱን በጊዜው የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ መብቱን እንዲተው የሚደረግ ስምምነትም በአዋጁ ዋጋ የለውም። ቀኑ ሳይሰጥ ጊዜው ማለፉ የሚያስከትለው ውጤት የሕግ ጥያቄ ሲሆን፣ በሴል ውስጥ የተደበቀ ቀመር ሊወስነው አይገባም። ሉሁ ሊያደርግ የሚገባው የጊዜ ገደቡ ከመድረሱ በፊት ረድፉን በቀለም ለይቶ ማስጠንቀቅ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ስሌቶች ቀላል ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ቀመር አንድ የሕግ ንባብ በውስጡ ይዟል፦ «ተጨማሪ» ምን ማለት ነው፣ ቅዳሜ ስንት ቀን ነው፣ ጊዜው ያለፈበት ድርሻ ምን ይሆናል። ስለዚህ የፈቃድ ሉህ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በጳጉሜን 6፣ በመስከረም 1 እና በዘመነ ዮሐንስ ልደት መፈተሽ፣ ንባቦቹም በተለየ ገጽ ተዘርዝረው ለሠራተኞች መታየት አለባቸው። ሠራተኛው ቀሪ ቀኑን ከቅጥሩ ዕለት ጀምሮ ራሱ ቆጥሮ ሊደርስበት ከቻለ፣ ሉሁ ሁለቱም ወገኖች የሚተማመኑበት ማስረጃ ይሆናል። የየዘርፉ የኅብረት ስምምነቶች ቅዳሜን እንዴት እንደሚቆጥሩ በንጽጽር መመርመር ደግሞ ለቀጣይ ጥናት የሚሆን ርእስ ነው።