ተሰጥዖና አደራ፦ ከቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ኮሌጅ የምናገኘው ትምህርት



በዛሬው ዘመን በርካታ ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲዎች ለትጉሃን ተማሪዎች ልዩ መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ። ተማሪዎቹ በአነስተኛ ቡድን ሆነው ታላላቅ መጻሕፍትን ያነባሉ፤ ከመምህራኖቻቸው ጋር ይወያያሉ፤ ከመመረቃቸውም በፊት የራሳቸውን የጥናት ጽሑፍ ያቀርባሉ። ታዲያ ጥቂቶችን መርጦ ለብቻ ማስተማር አድልዎ አይደለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የካቴኪስቶች ጠባቂ የሆነውን የቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎን ሥራ እንመልከት።

ካርሎ እ.ኤ.አ. በ1538 በሰሜን ኢጣሊያ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። ይሁን እንጂ በፓቪያ ከተማ ሕግ ሲያጠና ከአባቱ የሚላክለት ገንዘብ ስለማይበቃው በየጊዜው ይቸገር ነበር። በ1559 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ በ1560 አጎቱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 4ኛ ካርዲናል አድርገው ሾሙት። በ1561 የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ብሩህ አእምሮ እያላቸው ገንዘብ ላጡ ተማሪዎች በፓቪያ ኮሌጅ መሠረተ። በ1567 ደግሞ ቅዱስ ፒዮስ 5ኛ በዚያው ከተማ የጊስሊየሪን ኮሌጅ አቋቋሙ።

ሁለቱም ኮሌጆች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ተማሪዎች የሚገቡት በውድድር ፈተና ሲሆን፣ የሚከፍሉት እንደ ቤተሰባቸው ገቢ ነው። በአንድ ቤት አብረው እየኖሩ ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት በተጨማሪ ኮሌጁ የሚያዘጋጀውን ይማራሉ። ከፍተኛ ውጤት መጠበቅም ግዴታቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንገነዘባለን።

አንደኛ፣ ተሰጥዖ በሀብትና በዘመድ አይለካም። ካርሎ ራሱ ለማዕርግ የበቃው በአጎቱ በኩል ነው፤ የመሠረተው ቤት ግን እንዲህ ያለ አጎት ለሌላቸው በር ከፈተ።

ሁለተኛ፣ መመረጥ አደራ እንጂ ክብር አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተነገረው የመክሊት ምሳሌ፣ ጌታው ለአገልጋዮቹ እኩል አላካፈለም። ሆኖም አምስት የተቀበለው የተመሰገነው ብዙ ስለ ተሰጠው ሳይሆን ስለ ነገደበት ነው፤ ሁለት የተቀበለውም ያንኑ ምስጋና አግኝቷል። እንግዲህ ለትጉህ ተማሪ ብዙ መስጠት በራሱ አድልዎ አይደለም። አድልዎ የሚሆነው በሩ ለድሃው ሲዘጋ ነው። የተማረውም ዕውቀቱን ለትዕቢት ካዋለው መክሊቱን እንደ ቀበረ ይቈጠራል።

ይህ ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በየቁምስናችን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ አይታጣም። እንዲህ ያለውን ልጅ ዝም አናሰኘው። የሚያነበው መጽሐፍ እንስጠው፤ የተረዳውንም ለታናናሾቹ እንዲያስረዳ እናድርገው። ያን ጊዜ ዕውቀት ለአገልግሎት መሆኑን ከልጅነቱ ይማራል።

ለውይይት፦
1. በቁምስናችን በችግር ምክንያት ትምህርቱን ሊያቋርጥ የተቃረበ ትጉህ ወጣት አለን? ምን ልናደርግለት እንችላለን?
2. ጎበዙን ልጅ ስናመሰግን ሌሎቹን እንዳናሳንስ ምን ልናደርግ ይገባናል?