ከጎንደር ወደ ቁስቋም በእግር

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በከተማው መካከል ያለውን የነገሥታት ግንብ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ በእግሩ የሄደ እንደ ሆነ፤ ወንዙን፣ ኮረብታውን፣ ዱሩንና ፍርስራሹን በአንድ መንገድ ያገኛል። ለዚህም መንገድ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ መልካም ነው፤ ጭቃው ደርቋልና። በመስከረም የሚሄድ በጭቃው ይደክማል፤ ዳሩ ግን ኮረብታውን አደይ አበባ አልብሶት ያያል።

አስቀድሞ የሚደርሰው በቀሃ ወንዝ አጠገብ ካለው ከፋሲል መዋኛ ነው። በኩሬው መካከል ግንብ ቆሟል፤ ዙሪያውንም ቅጥር ከቦታል። በቅጥሩ ላይ የበቀሉት ታላላቅ ዛፎች ሥራቸውን እንደ እባብ በድንጋዩ ላይ አውርደዋል። ይህን ያየ ልጅ ዛፉ ቅጥሩን ደግፎ የያዘው ይመስለዋል። እርግጥ ነው፤ ዛሬ ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይዞታል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በስንጥቁ ገብቶ የለያየው እርሱ ራሱ ነው። ቢቈርጡት ሥሩ በስብሶ ድንጋዩ ይናዳል፤ ቢተዉት ደግሞ እየወፈረ ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው። በእርሻ መካከል የሚያልፍ ሰው በድንበሩ ላይ ይሂድ፤ የሰው ጤፍ አይርገጥ፤ ባለ እርሻውንም «እንደምን አደሩ» ይበል። እንዲህ ያለ እንግዳ መንገድ የሚያሳየው አያጣም። በየኮረብታው የሚታየው ባሕር ዛፍ የጥንት ዛፍ አይደለም፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነውና። እቴጌ ምንትዋብ ያዩት አገር ሌላ መልክ ነበረው። ያንን መልክ ማየት የሚወድ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቀረውን ጽድና ወይራ ይመልከት።

በቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩ እኒሁ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ይህም ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ነው። ስሙ በግብፅ አገር ካለው ከቁስቋም ተራራ የመጣ ነው፤ እመቤታችን ከልጅዋ ጋራ በስደት ሳለች በዚያ ተቀምጣለችና። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስም በዚህ በእቴጌዪቱ ግቢ ተቀምጦ ነበር።

ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲወርሩ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት፤ በኋላ ግን እንደ ገና ተሠርቶ ይቀደስበታል። ቤተ መንግሥቱ ግን ጣራው ጠፍቶ ግድግዳው ብቻ ቀረ፤ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች አሁንም ይታያሉ። ስለ ምን አንዱ ድኖ ሁለተኛው ፈረሰ ቢሉ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ዘወትር ይገባልና ጣራው ቢያፈስ ወዲያው ይታወቃል። መዋኛውንም በየዓመቱ ለጥምቀት ውኃ ስለሚሞሉት ይጠግኑታል። ወደ ቤተ መንግሥቱ ግን የሚያድርበት ጌታ አልተመለሰም።

ጣራ የሌለው ግድግዳ እንዲህ ይፈርሳል፤ ዝናቡ ከላይ ገብቶ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘውን ኖራ ያጥበዋል፤ ወፍ የጣለችውም ፍሬ በስንጥቁ ይበቅላል። ልጆች ለመውጣት ሲንጠለጠሉ አንድ ድንጋይ ይነቀላል፤ በዚያም ቀዳዳ በሚመጣው ክረምት ውኃ ይገባል። ወድቆ የተገኘውን ድንጋይ እንኳ ለጉልቻ ማንሣት አይገባም። ጠጋኞች ድንጋዩ ቀድሞ የነበረበትን ስፍራ የሚያውቁት ከወደቀበት ቦታ ነውና። ዩኔስኮ የጎንደርን ግንቦች ከነቁስቋም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏቸዋል፤ መዝገቡ ግን ዝናብ አይከለክልም።

የቁስቋም በዓል ኅዳር 6 ቀን ነው። በዚያ ቀን መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፤ ስለዚህ ፍርስራሹን በጸጥታ ማየት የሚወድ በሌላ ቀን ይውጣ፤ ሳይመሽም ይውረድ።