የተቆረጠ መስመር ነፃ ይመስላል

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ዐሥር የስልክ መስመር አለው እንበል። ሕዝቡ የሚያውቀው ግን በ058 የሚጀምር አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ጥሪ ሲመጣ የቴሌ ጣቢያው ከዐሥሩ ነፃ የሆነውን ፈልጎ በእርሱ ያስገባዋል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር ይነሣል፤ እርሱ ከተያዘ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። ገቢ ትራንክ የምንላቸው እነዚህን መስመሮች ነው።

ጣቢያው መስመሩ ነፃ መሆኑን በምን ያውቃል? በሁለቱ የመዳብ ሽቦዎች ላይ ዘወትር 48 ቮልት ያህል ዲሲ ያቆማል። ስልኩ ሲነሣ ሽቦዎቹ በስልኩ በኩል ይገናኙና ከረንት ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ መስመሩ ተይዟል ማለት ነው። ከረንት ከሌለ ነፃ ነው። ሌላ ዐይን የለውም።

እንግዲህ ሽቦው መንገድ ላይ ቢቆረጥስ? ከረንት ስለማይፈስስ ጣቢያው መስመሩን ነፃ ነው ብሎ ጥሪውን ይልክበታል። ደዋዩ የጥሪ ድምፅ ይሰማል፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ምንም አይጮኽም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የመጣ ጥሪ በመጨረሻዋ ጥቂት መዳብ ላይ ይቀራል። ሰውየውም «ሆን ብለው አያነሡም» ብሎ ያዝናል። የተቆረጠው የመጀመሪያው መስመር ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ደዋይ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ላይ ነው። ሽቦዎቹ ተነካክተው ሾርት ሲሆኑ ግን ጣቢያው መስመሩን እንደተያዘ ቆጥሮ ያልፈዋል። ለገቢ ጥሪ ከሾርት ይልቅ መቆረጥ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ደውሎ «ይሠራል» ማለት ፍተሻ አይደለም፤ መስመሮቹ የሚገቡበት የመሥሪያ ቤቱ ማዞሪያ በደኅናው መስመር ይወጣልና። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቁጥር ስላለው በሞባይል በየተራ ይደወልለት። ዝም ያለው ከማዞሪያው ተነቅሎ በቴስተር ይለካ። 48 ቮልት ከደረሰና የመደወያ ድምፁም ከተሰማ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማዞሪያው ካርድ ነው። ካልደረሰ ወደ ኬብሉ እንሂድ።

ሾርት ከሆነ ጣቢያው በኩልም ተነቅሎ በኦም ይለካል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ደርሶ መልስ በኪሎ ሜትር 280 ኦም ያህል ስላለው፣ 560 ኦም ከተነበበ ብልሽቱ ያለው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። መቆረጥ በኦም አይገኝም፤ በካፓሲታንስ ይለካል፤ በኪሎ ሜትር 50 ናኖፋራድ ያህል ነው።

በክረምት ውኃ ወደ ኬብሉ መጋጠሚያ ሲገባ መስመሩ ይንጫጫል። በዚህ ጊዜ የሽቦው ኢንሱሌሽን በሜገር፣ በእያንዳንዱ ሽቦና በመሬት መካከል ይለካል፤ ከፍተኛ ቮልቱ ካርዱን እንዳያቃጥል መስመሩ በማዞሪያውም በጣቢያውም በኩል አስቀድሞ ይነቀል። ፀሐይ ወጥታ መጋጠሚያው ሲደርቅ ልኬቱ ደኅና ሊመስል ስለሚችል፣ እርጥበቱ ሳይለቅ መለካት ይሻላል።